ሽልማቱና ጥቅሱ፦ የሥነ ልቦና ስፍራ በማስተማር አገልግሎታችን

ሥነ ልቦና በቤተ ክርስቲያን የማስተማር አገልግሎት ውስጥ ስፍራ አለው ወይ? ይህ ጥያቄ በሴሚናሪ ክፍሎች ሲነሣ መልሱ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዶች የዓለም ጥበብ ነው ብለው በሩን ይዘጉበታል፤ ሌሎች ደግሞ “ጥናት አረጋግጧል” የተባለውን ሁሉ ሳይመረምሩ ይቀበላሉ። ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ነገር ያለ ይመስለኛል። ሥነ ልቦና ማንም ሳይጋብዘው በልጆች ክፍላችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

በአንድ አጥቢያ የልጆች ክፍል እሑድ ጠዋት የሚሆነውን እናስብ። መምህርቷ፣ “መዝሙር 1ን በቃሉ ለሚያጠና ደብተርና ከረሜላ አለ” ትላለች። ልጆቹ ያጠናሉ፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ሽልማቱ በቀረበት እሑድ ግን ጥናቱም ይቀራል። ሽልማት ከጥንት የነበረ ነገር ነው። የመማር ሁሉ ቁልፍ አድርጎ ያቀረበው ግን የባሕርይ ሥነ ልቦና ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ድመቶችን በሳጥን ውስጥ ዘግቶ ባደረገው ሙከራ፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል ወደሚል ሕግ ደረሰ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ በአይጦችና በርግቦች ያጠናውን ወደ መማሪያ ክፍል አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉም ነጻና ራሱን የሚመራ ውስጣዊ ሰው አለ የሚለውን አሳብ እንድንተው ተከራከረ። ይህን የሰው ሥዕል ከመድረክ እንነቅፈዋለን፤ በልጆች ክፍል ግን እንሠራበታለን።

ይህን ልማድ በብርቱ የፈተኑት ራሳቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መሆናቸው ሊያሳፍረን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ከሳሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድመው ነገሩት፤ ለሁለተኛው ሳይናገሩ ሰጡት፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽልማት በሌለበት ሲታዩ፣ ሽልማቱን ጠብቀው የሳሉት ልጆች ለመሳል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። መዝሙር 1 በእግዚአብሔር ሕግ ደስ ስለሚለው ሰው የሚናገር መዝሙር ነው። ያንኑ መዝሙር በከረሜላ ስናስጠና፣ ልጁ በቃሉ ደስ እንዳይለው እያደረግን ይሆን?

ይሁን እንጂ ይህንም ጥናት ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። ያልተጠበቀው ሽልማት ጉዳት አላሳየም፤ ስለ ሽልማት ጠቅላላ ውጤትም ምሁራኑ ብዙ ተከራክረዋል። ከሁሉ በላይ፣ ተመራማሪዎቹ የለኩት በመሳል ያለፈውን ጊዜ ነው። እግዚአብሔርን መውደድ ምን እንደ ሆነና ሰው ለምን እንደ ተፈጠረ ከዚህ መለኪያ አይገኝም።

“መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ዋጋ ይናገራል” የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ዕብራውያን 11፥6 እግዚአብሔር ለሚፈልጉት ዋጋ የሚሰጥ መሆኑን ያስተምራል። ነገር ግን በዚያ ፈላጊው የሚፈልገው እግዚአብሔርን ራሱን ነው፤ ዋጋውም ከፍለጋው ጋር አንድ ወገን ነው። ከረሜላ ግን ከመዝሙሩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጌታ በማቴዎስ 6 ለመታየት ብለው ስለሚጸልዩት የተናገረውም ይህን ልዩነት ያሳያል።

እንግዲህ ሥነ ልቦናን መጣል አለብን? አይደለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ከቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ይህ ስለ አእምሮ አሠራር የሚጠቅም እውቀት ነው፤ በምስጋና ልንቀበለው እንችላለን። ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ከሥነ ልቦና እንማር፤ ትምህርቱ ወደ ማን እንደሚያደርስ ግን ቃሉ ይንገረን።

መጋቢዎች ለልጆች አገልጋዮች ሥልጠና ስናዘጋጅ ይህን ልዩነት እናስተምር። መምህርቷም በሚቀጥለው እሑድ ደብተሩን ከማሳየቷ በፊት፣ መዝሙሩ ለራሷ ለምን ደስታ እንደ ሆነላት ለልጆቹ ትንገራቸው። ዘዳግም 6 ቃሉ በመጀመሪያ በአስተማሪው ልብ እንዲሆን፣ ከዚያም ለልጆች እንዲነገር ያዛል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።