ማየትና ማንሣት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። አባቶቻችን እውነትን ከንጋት ጋራ ያጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ንጋት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ተራራውን፥ ቀጥሎ ዛፉን፥ በመጨረሻም የሰውን ፊት ይገልጣል። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ንጋትና አቻውን ምሽትን በፎቶግራፍ ስለሚያነሡ ወጣቶች ነው።

በአዊ አገር፥ በእንጅባራና በዳንግላ፥ ያለ መምህር በገዛ ትጋታቸው ፎቶግራፍ ማንሣት የተማሩ ወጣቶች አሉ። የሌሊቱን ብርድ ታግሠው በዘንገና ሐይቅ ዳር ፀሐይን ይጠብቃሉ። ይህ ትጋት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከመጽሐፍ ያላገኙትን ትምህርት ከሰማይ ያገኛሉና። ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፥ በሰኔ ወደ ሰሜን አጋድላ እንደምትወጣ፥ ጫፏ አድማሱን ከነካ በኋላ ፈጽማ እስክትጠልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ እንደምትቆይ፥ ዘንገናም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ስለ ሆነ ብርሃኑ ከዳሩ ዛፍ በኋላ ዘግይቶ ውሃውን እንደሚነካ፥ ይህን ሁሉ ያስተማራቸው ዓይናቸው ነው።

ነገር ግን አንድን ሥራ መውደድ ሥራውን ከመመርመር አያግድም። በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ሦስት ጉድለት ይታየኛል።

ፊተኛው የቀለም ውሸት ነው። ፀሐይ በጧትና በማታ የምትቀላው ብርሃኗ በአግድም ብዙ አየር አቋርጦ ሲመጣ ሰማያዊው ክፍል በመንገድ ተበትኖ ቀዩ ስለሚተርፍ ነው። ለዚህ መበተን የሒሳብ ማስረጃ የሰጠው እንግሊዛዊው ሊቅ ሬይሊ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1871 ዓ. ም. ነበር። አቧራና ጢስ ሲጨመርበት ቅላቱ ይበረታል፤ በ1883 ዓ. ም. በእስያ ደሴቶች የክራካታው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ምሽቱ በሩቅ አገሮች ሳይቀር ለወራት ቀልቶ ታይቷል። እንግዲህ ካሜራው በራሱ ግምት ቀዩን ሲያደበዝዘው ሠሪው ያየውን ያህል ቢመልስለት እውነትን መለሰ እንጂ አልዋሸም። ካየው በላይ ቢያቀላው ግን «አየሁ» ያለው ቃሉ ሐሰት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት ባዶ መደጋገም ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ በ1890ና በ1891 ዓ. ም. በቤቱ አጠገብ የነበሩትን የእህል ክምሮች ደጋግሞ ሥሏል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ የሚለዋወጠውን ብርሃን ይከታተል ስለ ነበር መደጋገሙ ምርመራ ሆነለት። የኛ ወጣት ግን ትናንት ባልንጀራው የተመሰገነበትን ቦታና ሰዓት ፈልጎ ያንኑ ያነሣል። እንዲህ ሲሆን የሚያነሣው ፀሐይን ሳይሆን ምስጋናን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ካሜራ ብርሃኑን በፀሐይዋ መጠን ሲመዝን በፊቷ የቆመው ሁሉ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ የፈረሶቹ ጌጥ ዓይን ይማርካል። ሆኖም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆይቶ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም በቀይ ሰማይ ላይ ጥቁር ጥላ የሚያደርግ ሰው ያ ሁሉ ጌጥ፥ ያም ሁሉ ኩራት ይጠፋበታል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለሁም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ይተክላል፤ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠውና እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ሸፍኖ ያከስለዋል፤ ከሰሉም በመኪና እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንድ ምሽት በዚያ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ከጢሱ መካከል ቆመው አየሁ። ሰማዩ ፍም መስሎ ነበር። ከሩቅ ሆኜ አነሣኋቸውና መንገዴን ቀጠልሁ። ፎቶግራፉን ያዩ ወዳጆቼ ሁሉ አደነቁልኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ብዙ ተመለከቱትና «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ። ጥቁሩን ጥላ በጣቴ ባመለክታቸው ሳቁና «ልጄ፥ እኛ ዛፉን እናከስላለን፤ አንተ ደግሞ እኔን አከሰልኸኝ» አሉኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ያ ያደነቅሁት ቅላት ከፊሉ እርሳቸው ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ጢስ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ «እንደምን አመሹ» እንኳ አላልኋቸውም። ከድካማቸው ውበቱን ብቻ ወስጄ እርሳቸውን ጥዬ ሄጃለሁ።

«ጥላም እኮ የጥበብ መንገድ ነው» የሚል ቢኖር እውነት አለው። ዛፍም ተራራም በጥላው ያምራል፤ ሰውም አውቆ ቢፈቅድ በጥላው መነሣቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ፎቶግራፉን የሠራ ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «በዚህ ሰው ቦታ ሌላ ሰው ቢቆም ሥራዬ ይለወጥ ነበርን?» የማይለወጥ ከሆነ ያን ሰው እንደ ግንድ ተጠቀመበት እንጂ አላነሣውም።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ወጣቶች ሆይ፥ አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ፈቃድም ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ከኋላ ሆኖ ሰውን የሚያጠቁረው ያው ብርሃን ከፊት ሲመጣ ፊቱን ወርቅ ያስመስለዋል። የተለወጠው ፀሐይዋ ሳትሆን የእናንተ አቋቋም ነው።

እኔም በዚያው ምሽት ዞሬ ቆምሁና ሽማግሌውን አስፈቅጄ አነሣኋቸው። የግንባራቸው መሥመርና በቅንድባቸው ላይ ያረፈው አመድ ሳይቀር ታየ። አሳትሜም ወሰድሁላቸው። የፊተኛውን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፍ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ያዩት ግን «እኒህ ሰው ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በዚያን ጊዜ ስማቸውን ዐውቅ ነበርና መለስሁላቸው።