ሦስት ክቦችና አንድ የስልክ ጥሪ

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ባለሙያው ሦስት ክቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ ይስላል። መሃሉ ላይ ታካሚው አለ። በጣም የሚቀርቡት ሰዎች በውስጠኛው ክብ ይጻፋሉ፤ ቀጥለው ያሉት በሁለተኛው፣ የራቁት በውጨኛው። ስም በተጻፈ ቁጥር ጥያቄ ይከተላል። በስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ? ምን ታወራላችሁ? ከእሱ ምን ይጠብቃሉ? እሱስ ከእርስዎ? ድሮም እንዲህ ነበራችሁ? ወረቀቱ በአንድ ቀን አይሞላም። አንዳንዴ እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ ይዘልቃል።

ይህ በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው የድባቴ የንግግር ሕክምና ነው። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን አሜሪካ ውስጥ ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ መጽሐፋቸው በ1984 ወጣ። መነሻው የመድኃኒት ጥናት ነበር። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ የሚወስዱና ንግግርም የሚጨመርላቸው ታካሚዎች ሊነጻጸሩ ስለነበር፣ ንግግሩ ማንም ቢሰጠው አንድ ዓይነት እንዲሆን ደረጃ በደረጃ መጻፍ ነበረበት። የአሠራሩ ጥራት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚታለፍ፣ መቼ እንደሚያበቃ ተለክቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት። የማብቂያው ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ይነገራል።

ችግሩም ይለካል። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ቢበዛ 27። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተፈትሾ በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። ከዚያ ባለሙያው የሕመሙን ስም ይናገራል፦ ድባቴ ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ይታከማል። ለወራት ራሱን ሲወቅስ ለኖረ ሰው ይህች አጭር ንግግር ራሷ ሕክምና ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው ለእኔ ከሁሉ የሚረቅቀው እርምጃ ነው፤ መምረጥ። ችግሩ ከአራት ሥፍራዎች በአንዱ ይቀመጣል፦ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት፣ የኑሮ ለውጥ፣ ወይም ከሰው ጋር መግባባት መቸገር። አንድ ይመረጣል፤ ቢበዛ ሁለት። የተቀረው እውነት ቢሆንም ለጊዜው ይቆያል።

ጌዶን ላስብ። ከአምቦ አልፎ በነቀምት መንገድ ላይ ያለች የጨልያ ወረዳ ከተማ ናት። ለምሳሌ ያህል እዚያ እህል የምትነግድ አንዲት እናት እንበል። ባሏ ሞቷል። እንቅልፍ የላትም፣ ምግብ አይበላላትም፣ ሱቋን ዘግታለች። ጎረቤት ሁሉ ሐዘን ነው ይላል። ባለሙያው ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ቀብሩ መቼ ነበር? እንቅልፍ የጠፋው መቼ? እናቲቱ ከቀብሩ በኋላ ባሉት ወራት ተኝታለች፤ ሱቅም ከፍታለች። የከፋት ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ደውላ «አባቴን ለምን ደበቃችሁኝ?» ካለቻት ወዲህ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ናትና በሰው አገር አትሰበር ተብሎ መርዶው ቆይቶ ነበር። እንግዲህ የሚመረጠው ሐዘኑ ሳይሆን የእናትና የልጅ አለመግባባት ነው።

አሁን የስልኩ ጥሪ ቃል በቃል ይነሣል።

«ስትደውል መጀመሪያ ምን አሏት?»
«ደህና ነሽ ወይ አልኳት።»
«እሷስ?»
«ዝም አለች።»
«ከዚያ እርስዎ ምን አሉ?»
«የቤት ኪራዩ አልተከፈለም፣ ብር ላኪ አልኳት።»
«በልብዎ የነበረው እሱ ነው?»
«አይደለም። አባትሽ ስምሽን ሲጠራ ነበር ልላት ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።»

የንግግር ትንተና የሚሉት ይህን ነው። ባለሙያው ልጅቷ ብር ብቻ ሰምታ ስልኩን እንደዘጋች አይነግራትም። እናቲቱ ራሷ እስክታየው ይጠብቃል። ከዚያ የሚቀጥለውን ጥሪ አብረው ይለማመዱታል፤ እሱ ልጅቷን ይሆናል፣ እሷ ትናገራለች፣ ድምፅዋ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ቆመው ይደግሙታል። በቀጣዩ ሳምንት ቀጠሮው እንደ ወትሮው ከተገናኘን ወዲህ እንዴት ነበሩ በሚል ይከፈታል። ስሜቱና የሆነው ነገር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከዚህ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ሥራው በዝርዝር ቃል ላይ ስለሚቆም በአስተርጓሚ አይሆንም። ጌዶ ላይ ይህ ንግግር መካሄድ ያለበት በአፋን ኦሮሞ ነው። አስተርጓሚ መሃል ከገባ በ«ዝም አለች» እና በ«ብር ላኪ» መካከል ያለው ትንፋሽ ይጠፋል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። የአሮን ቤክ ሕክምና ሐሳብን በወረቀት ላይ ጽፎ ማስረጃውን ይመረምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አጭር ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ በሚፈጅ አምስት ክፍል የመተንፈስን፣ ችግርን የመፍታትን፣ ወደ እንቅስቃሴ የመመለስንና ድጋፍ የመፈለግን ስልት ያስተምራል። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ናቸው። ለዕድር፣ ለቡናና ለዘመድ አገር ግን ክቦቹ ይበልጥ የሚገጥሙ ይመስለኛል፤ ሰዉ ሕመሙን ሲናገር የሚጀምረው ከሰው ነውና።

መግጠሙ ተፈትሿል። ኡጋንዳ ውስጥ 30 መንደሮችን ባካተተ ጥናት በቡድን ተሰጥቶ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የመሩት የሥነ ልቦና ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የአገሬው ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚህ ትብብር፣ ዶክተር ዳዊት ወንድማገኝና የካናዳ ባልደረቦቹ በሠሩበት «ቢያብር» በተባለ ፕሮጀክት፣ ሕክምናው ለኢትዮጵያ ተስተካክሎ ለብዙዎች እንዲደርስ ተዘጋጀ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የዚሁ ሕክምና አጭር የአንድ ለአንድ ቅርጽ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ዘንድ መሠራት ይቻል እንደሆነ መርምሯል።

መጨረሻው እንደ መጀመሪያው በጥንቃቄ ይሠራል። የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ስለ መለያየት ናቸው። መለየት ቢያሳዝን እንኳ በሽታው ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ ይነገራል። ምን እንደተለወጠና ለውጡን ማን እንዳመጣው ይጠየቃል፤ እናቲቱም የደወልኩት እኔ ነኝ ትላለች። ከዚያ ዝርዝር ይጻፋል፦ ድባቴው ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው፣ እንቅልፍ ነው ወይስ ሱቅ መዝጋት? ሁለት ሌሊት ካልተኛች የሚነገረው ለማን ነው? ዘጠኙ ጥያቄዎች እንደገና ይጠየቃሉ፣ ድምሩም ከመጀመሪያው ቀን ድምር ጎን ይጻፋል።