እጅን ቀስ አድርጎ መሳብ

ልጁ እርሳስ ይዞ «በ»ን ሊጽፍ ነው። የልዩ ፍላጎት ረዳት መምህርቷ መጀመሪያ እጁን በእጇ ትይዛለች። ሲሰነብት አንጓውን ብቻ፣ ቀጥሎ ክርኑን ነካ ታደርጋለች፤ ከዚያ በጣቷ ታሳየዋለች፤ በመጨረሻም ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከሁሉ የሚከብደው ይኼ መጠበቅ ነው። እኛማ ልጅ ሲቸገር ካየን «አምጣው ልጻፍልህ» ሳንል መች እንቀርና!

በአገራችን ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የኦቲዝም ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ቀመሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የካዛንቺስ ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ተነሣ። ለኦቲዝም ልጅ የለመደው መንገድ ሲቀየር ቀኑ ሁሉ ይናጋበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎበዝ ረዳት ካርድ ታወጣለች፦ አንዱ ላይ ታክሲው፣ አንዱ ላይ አዲሱ በር፣ አንዱ ላይ የቦርሳው መስቀያ ተሥሏል። ልጁ አንዱን በጨረሰ ቁጥር ካርዱን ይገለብጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋልና ይረጋጋል።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የወላጅ ምስጋናው ለዋናዋ መምህርት ነው፤ ደመወዙም እንደዚያው። እኔ ግን ረዳቷ ማታ ለልጁ እናት የምትልካት ማስታወሻ ትደንቀኛለች፦ ምን በላ፣ ምን አስቆጣው፣ በምን ተረጋጋ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ደግሞ እናትየው ጠዋት ጽፋ ትመልስላታለች።