የመሰላሉ ዘዴ በሜትሪክ መለኪያዎች ትምህርት

የሜትሪክ መለኪያዎችን ልወጣ ለማስተማር የተለመደው መሣሪያ መሰላል ነው። ተማሪው ከኪሎሜትር እስከ ሚሊሜትር የተደረደሩትን ሰባት ስሞች ይሸመድዳል፤ አንድ እርከን በወረደ ቁጥር በ10 ያባዛል፣ በወጣ ቁጥር ለ10 ያካፍላል። ዘዴው ለርዝመት ትክክል ነው፤ ለፈተናም ያመቻል። ጉድለቱ የሚገለጠው ስለ ስፋት ሲጠየቅ ነው። ተማሪው 1 ሜትር 100 ሳንቲሜትር ነውና 1 ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሳንቲሜትር ነው ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን 10,000 ነው።

የስሕተቱ ምንጭ የተማሪው ስንፍና ሳይሆን፣ መለኪያውን ከሚለካው ነገር የነጠለው አቀራረብ ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ቢሰመር፣ በአንዱ ጎን 100፣ በሌላውም 100 ሳንቲሜትር መኖሩን ተማሪው ራሱ ለክቶ ያረጋግጣል። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ መሬት 1 ሄክታር፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር መሆኑንም በዚሁ መንገድ ይረዳል።

ማዳበሪያ በማሳ ስፋት ለሚሰላበት ገበሬ ልጅ የሁለት ዜሮ ስሕተት የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ 1 ኩንታል ለሚበቃው መሬት 100 ኩንታል ያስገምታልና። ስለዚህ መሰላሉ ይጣል አይባልም፤ ተራው ግን ከመለካት በኋላ ሊሆን ይገባል።