ኩቡ የማይነግረን ጆይንት

«ጋሼ፣ ኩቡ 90 ቀን ሞልቶት ጥንካሬው ከወጣ ሌላ ምን ያሳስባል?» አለኝ አሶሳ ላይ ገና ሥራ የጀመረ መሐንዲስ። እኔን የሚያሳስበኝ ጆይንቱ ነው። የኮንክሪት ሙከራ ኩብ የሚነግረን ቅይጡ ሻጋታ ውስጥ ምን እንደሆነ ነው፤ ትናንት በተጠቀጠቀውና ዛሬ በላዩ በተነጠፈው መካከል ስላለው መጋጠሚያ ምንም አይልም። ውኃ መንገድ የሚፈልገው ደግሞ እዚያ ነው።

የጉባውን የሕዳሴ ግድብ አስቡት። ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ንብርብሩን 40 ሳንቲ ሜትር ብንይዘው ከ350 በላይ ጆይንት ይወጣል። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርሲሲ (በሮለር የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት) በዚያ የበርሃ ሙቀት ሲነጠፍ ሰዓት እንደ ሲሚንቶ ውድ ነው። ፊቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ሮለሩ አሥር ጊዜ ቢመላለስም የደረቀን ፊት ከአዲሱ ጋር አያዋህደውም። «አጥበህ ሞርታር ቀባበትና ቀጥል» የሚሉኝ አሉ። መቀባቱስ ይቀባ፤ ግን ለዘገየ ሰው የተፈቀደ መላ ነው እንጂ ታችኛው ሳይጠነክር ትኩሱን እንደማንጠፍ አይሆንም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልታረቅም።

ይህን ያስተማረኝ ከግቤ ሦስት የመጣ ፎርማን ነው። ጣሊያንኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለ ይሰድበን ነበር፤ ስድቡ ግን ሁልጊዜ ስለ ሰዓት ነው። እሱም ከእሱ በፊት ከነበሩት የተማረው ነው። ፎርማኑ የሠራለት ሳሊኒ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ጣሊያን ውስጥ የተቋቋመ የቤተሰብ ድርጅት ነው፤ እኛ አገር የገባው በ1957 ነው። የአዲስ አበባን ውኃ የያዘው ለገዳዲ፣ ከዚያ የግቤዎቹ ግድቦች፣ ጣና በለስ፣ ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ጉባ። ከአውሮፓውያኑ 2020 ወዲህ ድርጅቱ ዌቢልድ ተብሏል፤ ሳይት ላይ ግን ማንም እንዲህ ሲል አልሰማሁም። የሚመራው ዛሬም ከቤተሰቡ የወጣው ፒየትሮ ሳሊኒ ነው።

ሙያው ግን የባለቤቶቹ ብቻ ርስት አልሆነም። የሕዳሴ ግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ከግልገል ግቤ ተነሥተው ነው ጉባ የደረሱት፤ በ2010 ዓ.ም. ሲያርፉ ግድቡ አላለቀም ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ስንት የንብርብር ሰዎች ነበሩ! እኔ ከአባቴ መሬት አልወረስኩም፤ ከዚያ ተሳዳቢ ፎርማን የወረስኩት ግን ልጆቼን አሳድጎልኛል።

እናንተ አሶሳና መተከል የውኃ ገንዳም ሆነ የድልድይ እግር የምትሠሩ ልጆች፣ ኩቡን ከማስጨፍለቃችሁ ጋር ከተሠራው ኮንክሪት ተቦርቡሮ የሚወጣ ናሙና፣ ኮር፣ አስወጡ። ኮሩ ጆይንቱ ላይ ለሁለት ከተሰበረ የኩቡን ውጤት ለአሠሪው ባታሳዩት ይሻላል።