ጎርፍና አረንጓዴ መደብ፤ ከዛሪማ ቁልቁለት ሲታይ

የከተማን ጎርፍ በአፈርና በተክል መቆጣጠር ይቻላል የሚለው አሳብ፣ በዘመኑ አጠራር አረንጓዴ መሠረተ ልማት የሚባለው፣ በአገራችን ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። በ2011 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ሲሆን ከዓላማዎቹ አንዱ ጎርፍን መቀነስ ነበር። የአሳቡን መልካምነት አንክድም። ነገር ግን መልካም አሳብም መመርመር ይገባዋልና፣ በአፈጻጸሙ የሚታዩትን ሁለት ጉድለቶች እናመለክታለን። ሁለተኛው ጉድለት በይበልጥ የሚነካው እንደ ዛሪማ ያሉትን በገደል ግርጌ የተቈረቈሩ ትንንሽ ከተሞች ነው።

አስቀድመን አሳቡን እናስረዳ። በሜዳ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከፊሉ በሣርና በቅጠል ላይ ይቀራል፤ የሚፈሰው ትርፉ ብቻ ነው። ቆርቆሮና አስፋልት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይለቁታል። ስለዚህ ውሃን በቦይ ቶሎ ከማባረር በወረደበት ማቆየት ይሻላል ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ትክክል ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ጌጥን ከሥራ ጋር ማደባለቅ ነው። የሣርና የአበባው መደብ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ በጠርዝ ድንጋይ ከታጠረ ጎርፉ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይገባበትም፤ ውሃ ሽቅብ አይወጣምና። እንዲህ ያለው መደብ ዓይንን ደስ ቢያሰኝም የመንገዱን ጎርፍ አይቀንስም፤ ይልቁንም በበጋ ውሃ ካላጠጡት ይደርቃል። መደቡ ከመንገዱ ዝቅ ማለት፣ ጠርዙም የውሃ መግቢያ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጉድለት ከተማን ከአካባቢዋ ነጥሎ መመልከት ነው። በሐምሌ 1998 ዓ. ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት ያጥለቀለቀውና ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን የገደለው ደራሽ ውሃ ከከተማዋ ጣሪያ የወረደ ሳይሆን ከሐረርጌ ደጋ የመጣ ነበር። በቻይና ደግሞ የዠንግዡ ከተማ ውሃን እንደ ስፖንጅ እንድትመጥ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባት ሳለ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ. ም. በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ሲዘንብባት የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር በውሃ ተሞላ። የመናፈሻ ሥራ ልክ አለው ማለት ነው።

ዛሪማም ከደባርቅ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ትገኛለች። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ መሬቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል፤ የዓመቱም ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የመሰለ መንገድ፣ በስፋት ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ በዳሩ ሰብስቦ ከድልድይና ከቱቦ ሥር በጥቂት ቦታ ይለቀዋል። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ከሌላ ስፍራ ይታወቃል። በ1986 ዓ. ም. ገደማ በተሠራው የመቀሌና የዓድዋ መንገድ ላይ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ከውሃ ማሳለፊያዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች መከፈታቸውን አሳይተዋል።

ይህን ነገር ገበሬው ከመሐንዲሱ በፊት ያውቀዋል። በማሳው ላይ አግድም በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ከታች ያለውን ሰው መሬት ቢሸረሽር ጠብ እንደሚነሣ ስለሚረዳ፣ የፈሰሱ ጫፍ የት እንደሚያበቃ ያስብበታል። የከተማና የመንገድ ፕላን ግን ብዙ ጊዜ ውሃው ከወሰኑ ሲወጣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ጎርፉ ጎረቤት ተሻገረ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ ለእንዲህ ያለው አገር አረንጓዴው ሥራ ከአደባባይ አበባ ሳይሆን ከላይኛው ተዳፋት መጀመር አለበት፤ ይኸውም በእርከን፣ በክትር፣ ከከብት በተከለለ ቁጥቋጦና የመንገድ ውሃን ወደ ኩሬ በመምራት ነው። የፕላኑም ወሰን የማዘጋጃ ቤቱ ክልል ሳይሆን የወንዙ ተፋሰስ ይሁን። ለጥናት የሚነሣ ተማሪም በአንድ ክረምት ከእያንዳንዱ የውሃ ማሳለፊያ በታች የቦረቦሩን ጥልቀትና ስፋት ቢለካ፣ ስለ መናፈሻ ውበት ከሚጻፈው ብዙ ገጽ ይልቅ ለዛሪማ ሰው ይጠቅማል።