የሌላ ሰው ላም

የካውቦይ ፊልም ሲባል ብዙው ተመልካች አስቀድሞ የሚጠብቀው ፈረስ፣ ሽጉጥና አቧራ ነው። ኬሊ ራይካርት እ.ኤ.አ. በ2019 ያዘጋጀችው «ፈርስት ካው» (የመጀመሪያዋ ላም) ግን ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ፣ ኩኪ የተባለ ዓይነ አፋር ምግብ አብሳይና ሩሲያውያን አሳዳጆቹን የሸሸ ኪንግ ሉ የተባለ ቻይናዊ በኦሪገን ጫካ እንዴት ወዳጅ እንደ ሆኑ ይተርካል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1820ዎቹ፣ ሥራው የቢቨር ቆዳ ንግድ ነው። በአገሩ ያለችው ላም አንዲት ብቻ ስትሆን ባለቤቷም የንግድ ጣቢያው ሹም ነው። ሁለቱ ድሆች በሌሊት እየተደበቁ ያልቧታል፤ በወተቷ ያቦኩትንና ከቦምቦሊኖ የማይለየውን ጥብስ በማር ቀብተው በገበያ ይሸጣሉ። ሹሙ ቀምሶ ያደንቃል፤ የገዛ ላሙን ወተት መቅመሱን ግን ምላሱ አልነገረውም! ላሟ ኮርማዋንና ጥጃዋን በመንገድ ያጣች ናት፤ ኩኪም ሲያልባት እንደ ለቅሶ ደራሽ በለሆሳስ ያጽናናታል። ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ትዕይንት ይኸው ነው።

ወዳጅነቱ ከስሜት ብቻ አልተወለደም። አንዱ የእጅ ሙያ አለው፣ ሌላው የገበያ ብልሃት፤ ሁለቱም የሌላቸው መነሻ ሀብት ነው። ድሀ ያለ ስርቆት ከምን ሊነሣ ይችላል የሚለው የፊልሙ ጥያቄ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ የወንዝ አሸዋ አጥበው ወርቅ የሚያወጡ እናቶችን ለሚያውቅ የአሶሳ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም። ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ባሳየው «ላምብ» ውስጥም ኤፍሬም የተባለው ሕፃን በጉን ከመታረድ ለማዳን የሚታገለው በምግብ ሙያው ነው።

ጉድለቱ ሌላ ነው። የምድሩ ነባር ሕዝቦች በሹሙ ቤት ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ ይሥቃሉ፤ ታሪኩ ግን የመጤዎቹ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ በቤንሻንጉል ጉሙዝ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ሰፋሪዎች ወደ አሶሳና ወደ መተከል ገብተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ማንነትን የለየ ግድያ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጅቷል። በዚሁ ምድር ጉሙዝና ኦሮሞ «ሚቹ» በሚሉት የወዳጅነት ቃል ኪዳን ተሳስረው ኖረዋል። ራይካርት ከሁለቱ ወዳጆች አንዱን ነባር ብታደርገው ኖሮ፣ ላሟ የቆመችበት መስክ ራሱ የማን እንደ ነበር ፊልሙ ለመጠየቅ ይገደድ ነበር።